ለሚስ ዶሮቲ የነገርካት፣ ለእኔ ያልነገርከኝ

ጌታሁኔ፣ የልጄ አባት፣

ካጣሁህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ያኔ ኮሮና ሲወስድህ ከመስታወት ማዶ ቆሜ፣ እያለቀስኩ ነበር የተሰናበትኩህ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ቀንቼ ነው። በሕይወት ብትኖር ይህን ቃል ከአፌ አታወጣውም ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከሊንደን ሰፈር ለቀን ኢስትሙር ገብተናል። ልጃችን ሳሮን መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት። ወንበሩን ለራሷ ቁመት ስታስተካክለው ቆሜ አየሁ። እኔ እዚያው ነርሲንግ ሆም አረጋውያን እየጦርኩ ነኝ፤ ሺፍቴ ብቻ ወደ ጠዋት ተቀየረ።

አሁን ወደ ሚስ ዶሮቲ ልምጣ። በሹፍርና ሥራህ ክሊኒክ ስታመላልሳት ወደተዋወቅካት፣ የአፐር አርሊንግተን ሰፈሯ አሮጊት። «ሴትዮዋ ሳጥን አንሳልኝ ብላኛለች» ብለህ አንድ ቅዳሜ ሄድክ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜህን ወሰደችው። ኮሮና ሲመጣ እንኳ አልቀረህም። መኪና ማቆሚያዋን፣ የጋራዡን በር ከፍታችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ተራርቃችሁ ትቀመጡ ነበር። አባቷ ድምፅ አልባ ፊልም ይታይ በነበረበት ዘመን አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሲኒማ ቤት እንደነበረው፣ ሳጥኖቹም የእሱ ወረቀት እንደሆኑ ነገርከኝ። ሌላ አላልክም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የምጠላው ስትመለስ ፊትህ ላይ የማየውን ደስታ ነበር። ከሥራ ደክሞህ ትመጣለህ፤ ከእሷ ዘንድ ግን አርፈህ ትመጣለህ። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ባልቴት ቀናሁ ብዬ ለማን ልናገር? ሳሮን አንዴ ነቃችብኝና «ማም፣ አር ዩ ጄለስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት።

ከቀብርህ በኋላ የላከችውን ካርድ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ግን ራሷ ኮል አደረገችልኝ። «የጌት ሚስት፣ ምሕረት ነሽ?» አለችኝ። ጌት! ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እኔ ስምህን አሳጥሬ አላውቅም። ቤቴ ነይ ስትለኝ ላለመሄድ ወስኜ ነበር፤ ሄድኩ።

ጋራዡ ውስጥ አስቀምጣኝ አንድ ያረጀ መጽሔት ሰጠችኝ። ፊልም ሠሪዎቹ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ይልኩት የነበረ ነው። ፊልሙ ከመድረሱ በፊት ከተማውን እንዴት እንደሚቀሰቅሱት ይመክራል። ለጋዜጣ የሚሰጠው ወሬ ሳይቀር ተጽፎ አልቋል፤ የሚታዘዙት ፖስተሮች በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ለፀጉር ቆራጩ ነፃ ቲኬት ስጡት፣ ቀኑን ሙሉ ያወራላችኋል ይላል። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ፣ ጋሪ ተከራዩ፣ ግራና ቀኝ ፖስተር ለጥፉበት፣ ድምፁ የጎላ ሰው አቁማችሁ ከተማውን አዙሩት ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በራስህ እጅ፣ በአማርኛ «ይኼ እኔ ነኝ» ብለህ ጽፈሃል።

«ናዝሬት እያለ ይሠራው የነበረውን ሥራ መቼም ታውቂያለሽ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። ዋሸሁ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ናዝሬት ተወልጄ ያደግኩት እኔ፣ አብሬህ ያረጀሁት እኔ፤ የወጣትነትህን ሥራ የምታውቀው ግን እሷ! ንዴቱ በረድ ሲልልኝ ነው ያስታወስኩት። ከጸሎት ቤት መጀመሪያ የሸኘኸኝ ቀን፣ ፊልም ትወጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። «ሲኒማ በር የሚቆም ወንድ ባሌ አይሆንም» አልኩህ። የአባቴን ቃል ነበር የደገምኩት። ሳቅ አልክና ወሬ ቀየርክ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬ እንደቀየርክ ቀረህ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። «የዛን ቀን ዋሽቼሻለሁ፤ አላውቅም ነበር። ንገሪኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አዘነችልኝ፤ ትንሽም ደስ ያላት መሰለኝ። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ ስላንቺ መስማት ይሰለቸኝ ነበር። ስለ ፊልም ጀምሮ አንቺ ላይ ነው የሚጨርሰው» አለችኝ። ለካ እሷም እንደኔው ትቀና ኖሯል።

ነገረችኝ። አንድ ቀን ጋሪው ላይ ቆመህ በድምፅ ማጉያ የማታውን ፊልም ስትለፍፍ፣ እኔን ከመዘምራን ጓደኞቼ ጋር ስመጣ አየኸኝ። ማጉያውን ጥለህ ከፖስተሩ ኋላ ቁጢጥ አልክ። ባለጋሪው በሳቅ ፈረሱን መንዳት አቃተው፤ እኛ እስክናልፍ ድረስ ትንፋሽህን ውጠህ ጠበቅክ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያን ጋሪ ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለህ። አይመጣልኝም። በአጠገብህ አልፌ ሄጃለሁ።

ይቅር በለኝ። ብትነግረኝ ኖሮ አገባህ ነበር ብዬ ልምልልህ ፈለግኩ፤ አልማልኩም፤ የዚያን ዘመኗን ምሕረት አውቃታለሁ። የአሁኗ ግን ጋሪህ ላይ አብራህ ትወጣ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው እኔ ነኝ። እሷ ዘንድ የቀረኸውን አንተን በጥቂት በጥቂቱ እየተረከብኩ ነው፤ አርጅታለችና ሳታልፍ መጨረስ እፈልጋለሁ። ስለ ትዳራችን ስትጠይቀኝም አልሰስትባትም። በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ቀድመኸኝ ወደ መኪናው ወርደህ፣ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ራስህ ተቀምጠህ አሙቀህልኝ ትጠብቀኝ እንደነበር አልነገርኳትም። አልነግራትምም። አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ እሱን ብቻዬን አስታውሰዋለሁ።

ሚስትህ ምሕረት