ስለ ወተቱና ስለ ዘሬ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የባትሪ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ አሮጌ ባትሪ እየፈታን እርሳሱን የምናቀልጥ ሠራተኞችዎ፣ ከጤናችን በስተቀር፣ ደህና ነን። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በንቀት አይደለም፤ በጸሐፊዎ በኩል ደጋግሜ ቀጠሮ ብጠይቅም ክቡርነትዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ በመሆንዎ ነው። ስብሰባው ስለ ሠራተኛው ደኅንነት መሆኑን ስሰማ ደግሞ ልቤ በሐሴት ተሞላ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወተቱ። ከማቅለጫ ክፍላችን ጭሱንና ብናኙን ስቦ የሚያወጣው ማራገቢያ ሲበላሽ፣ እሱን በማስጠገን ከመድከም ይልቅ በየጠዋቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት እንዲታደለን ማዘዝዎ የአባትነት ነው። የደኅንነት ኃላፊው «ወተት መርዙን ያጥባል» ብለው አስረዱን፤ እኛም ወተቱ ላይ የሰፈፈውን ግራጫ ብናኝ በጣታችን ገፋ እያደረግን በእምነት ጠጣን። የሚያሳዝነው፣ በአፍንጫችን የሚገባው እርሳስ ይህን መመሪያ አልሰማም።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለቤቴ። ከተጋባን ጀምሮ ልጅ ብንጠብቅ ልጅ አልመጣም፤ የሁሉም ዓይን ያረፈው ደግሞ እሷ ሆድ ላይ ነበር። እናቴ እንኳ ባለቤቴ እየሰማች «ልጄ፣ ሳታረጅ ሌላ ፈልግ» ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ከሐኪም ሐኪም ተንከራተተች፤ መርፌውን ተወጋች፣ ኪኒኑን ዋጠች፣ ምሽት ምሽት ደግሞ ከፋብሪካዎ ለብሼው የመጣሁትን ቱታ አራግፋ በእጇ ታጥብልኝ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ከባለቤቴ ላይ ዓይኗን አንስታ ወደ እኔ ዞረችና «እርስዎስ ተመርምረዋል?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «እኔ ወንድ ነኝ፤ ምን እሆናለሁ?» አልኳት። አልሳቀችም። ሥራዬን ጠየቀችኝ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ዘሬ ጥቂት፣ ያለውም አቅመ ቢስ፣ ደሜ ግን እርሳስ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። «ሥራው ሳይሆን አይቀርም። ከብናኙ ከራቁ ሊሻሻል ይችላል፤ ግን ቃል አልገባልዎትም» አለችኝ።

ባለቤቴ ከሐኪሟ ወጥተን መንገዱን እንደተሻገርን «ከዛሬ ጀምሮ ያን ቱታ ቤቴ እንዳታስገባው» አለችና ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእኔ መስሎኝ ላጽናናት ስጠጋ «ለካ እኔ አይደለሁም» አለች። ደጋግማ እሱኑ ብቻ። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ ብዙ ቀልጦ የሚንተከተክ እርሳስ ተሸክሜያለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከበደኝ ግን የለም።

በማግስቱ እናቴ ቤት ሄድን። እናቴ እንደ ልማዷ ነገር ነገር ሲላት፣ «እማዬ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ» አልኳት። እናቴም ተነሥታ ምራቷ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ባለቤቴ ፈጥና አነሣቻት። ከፋብሪካዎ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅማ ጥቅም ይህ ዕርቅ ስለሆነ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ምስጢር ስለ መጠበቅ። ወደ መጋዘን እንድዛወር ብለምን፣ የአስተዳደር ኃላፊዎ «በመኝታ ቤትህ የሚሆነው የድርጅቱ ጉዳይ አይደለም» ብለው በጨዋነት መለሱኝ። ለግል ሕይወቴ የተሰጠው ክብር እጅግ አስደንቆኛል። ድርጅቱ ግን ቱታዬ ላይ ተለጥፎ፣ በር ሳያንኳኳ መኝታ ቤቴ ድረስ ሲመላለስ ኖሯል።

አራተኛ፣ ስለ ጉልቤ። ሁለት ሰው የሚያቅተውን ለብቻው ስለሚያነሣ ነው ባልደረባችንን እንዲህ የምንለው። የሆነብኝን በልብስ መቀየሪያ ክፍል ስናገር መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ፤ «በል ወተትህን ጨምር!» ያለኝም አለ። ጉልቤ ግን አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና «የኔዋም ባረገዘች ቁጥር ይጨነግፍባታል። እርግማን ነው ብለን ቤት እስከ መቀየር ደርሰናል» አለ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ሌላው ተናገረ፤ ከዚያም ሌላው። ለካ ሁላችንም አንዱን ጉድ በየሆዳችን ይዘን፣ በየቤታችን ሚስቶቻችንን ስናስወቅስ ኖረናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ይህ ሲጻፍ ሁላችንም ፀሐይ ላይ፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል። ማራገቢያው ሳይጠገን፣ ብናኝ የሚከላከል ማስክ ሳይመጣ፣ ገላችንን የምንታጠብበትና ቱታችን እዚሁ የሚታጠብበት ቦታ ሳይዘጋጅ፣ እኛም ደማችንና ዘራችን ሳይመረመር ወደ ማቅለጫው አንገባም። ፎርማኑ ወጥቶ «ምነው፣ ወንዶች አይደላችሁም እንዴ?» ብሎ ጮኸብን። ጉልቤ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ምርመራ የጠየቅነው እሱኑ ለማወቅ ነው» አለው።

ለክቡርነትዎ ያለው አክብሮት በደሙ ውስጥ እንዳለው እርሳስ ዕለት ዕለት እየተጠራቀመ የመጣ፣
ትሑት ታዛዥዎ፣
የማቅለጫ ክፍል ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ ሥራ ፈትተን ሰማይ ሰማይ ስናይ አንድ ነገር አስተዋልን። ገና ያልጠፋው የጓሮው ምድጃ ጭስ ከቀትር በኋላ በነፋሱ እየተገፋ ወደ ኮረብታው፣ በቀጥታ ወደ መኖሪያ ግቢዎ ይሄዳል። በቅርቡ የዳሩት ወንድ ልጅዎም ከነባለቤቱ እዚያው እንደሚኖር ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ምናልባት የልጅ ልጅ ቢዘገይብዎ፣ አደራዎን፣ ምራትዎን እንዳይወቅሱ።