የጋሽ ሚዛን ሰላምታ

ወንድም ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከረምክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም መኪና ሥር ስትገባ ያስቃስትሃል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? እኔ አካሌ ደህና ነው። ፊቴን ግን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ፣ ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀድ ሰንብቻለሁ።

ጋራዣችን ውስጥ ጎማ ባላንስ የሚያደርጉትን ሽማግሌ፣ ጋሽ ሚዛንን፣ ባታያቸውም ታውቃቸዋለህ። በጻፍኩልህ ቁጥር ከግርጌው ሰላምታቸውን ያስጨምራሉ። አዲስ መጥቼ ሰው ባልነበረኝ ጊዜ ምሳቸውን ያካፈሉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ታዲያ ውለታቸውን እንዴት እንደመለስኩ ስማ።

አንዲት አዋላጅ መኪናዋን አመጣች። እኔ የፊት ፍሬን ሸራ ቀየርኩላት፣ ጋሽ ሚዛን ጎማዎቹን ባላንስ አደረጉ፣ መልሼ የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ተመልሳ መጣችና ፍጥነት ስትጨምር መሪው እጇ ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረችን። ምጥ የያዛት ሴት ጋ ስትሮጥ ነበርና ደንግጣለች።

ያስተማርከኝ አልጠፋኝም። መሪው ከተንቀጠቀጠ ከፊት ፈልጊ፣ ወንበሩ ከሆነ ከኋላ፣ ፍሬን ስትይዢ ብቻ ከሆነ ዲስኩን እዪ፤ ከመፍረድሽ በፊት ግን ራስሽ ንጂው ትለኝ ነበር። እኔ መኪናው ውስጥ ሳልገባ፣ በደንበኛዋና በአለቃችን ፊት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥፋቱ የባላንሱ ነው፣ የጋሽ ሚዛን ዓይን ደክሟል አልኩ። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። አለቃችንም ከነገ ጀምሮ ቤትዎ ይረፉ አላቸው።

ከሄዱ በኋላ ጎማዎቹን ፈትቼ ባላንስ ማድረጊያው ማሽን ላይ ብሰቅላቸው ሁሉም ልክ ናቸው። ከዚያ አንደኛው ጎማ የሚያርፍበትን ብረት አየሁ። ዝገትና ጭቃ ተጋግሮበታል። ለምሳ ቸኩዬ ሳልጠርግ ስለገጠምኩት ጎማው ተንጋዶ ተቀምጦ ኖሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ጨርቅ ስታጣ በእጅጌህ ስትጠርገው እያየሁ ነው እኮ ያደግኩት።

ጠርጌ ገጥሜ ብነዳው መሪው ጸጥ አለ። አዋላጇ አመሰገነችኝ፣ አለቃዬም ጎበዝ አለኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። በማግስቱ ማሽኑ አጠገብ የጋሽ ሚዛንን ባዶ በርጩማ ሳይ ግን አላስቻለኝም። ለአለቃዬ ተናዘዝኩ፣ ቤታቸውም ሄጄ በራፋቸው ላይ ቆሜ ይቅርታ ለመንኩ። ግቢ አላሉኝም።

አሁን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ጎማ ልገጥም ስነሳ ከኋላዬ መጥተው ጨርቅ ያቀብሉኛል፤ አያናግሩኝም። ትናንት ለወንድሜ ልጽፍ ነውና ሰላምታዎን ልጨምር ወይ ብላቸው፣ ቀና ሳይሉ፣ መጀመሪያ ያደረግሽውን ጻፊለት አሉኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ልጄ መካኒክ ሆናለች ብላ ሰፈሩን ስላዳረሰች ይህን አታንብብላት። ለባለቤትህ ናፍቆቴ ይድረሳት። ልጆቹን፣ በተለይ መፍቻ የምትደብቅብህን ትንሿን፣ አገላብጠህ ሳምልኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ፣ ያንብቡት ብዬ ወረቀቱን ወሰድኩላቸው። ጽፈሻል? አሉኝ። አዎ አልኩ። ሳያዩት መለሱልኝ።

ጋሽ ሚዛን ሰላም ብለውሃል።

እህትህ
ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን