የጥላው ልክ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ጋሼ ሙባሪክ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የጆሃንስበርግ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? መሕቡባና ትንሹ ራምዚ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ጋሼ፣ ሳላንዛዛ ልንገርህ፤ የማስተርስ ጥናቴን ትናንት አቅርቤ አለፍኩ።

ሚያዝያ ላይ ደውዬ ያለቀስኩብህን አትረሳውም። በጋላክሲያችን መሐል ብላክ ሆል የሚሉት፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል አለ። ሳይንቲስቶች በቴሌስኮፕ ባነሱት ፎቶ ላይ መሐሉ ክብ ጥላ ሆኖ ይታያል። የኔ ሥራ፣ ስለ ስበት ከአንስታይን የተለየ ነገር የሚል አንድ ንድፈ ሐሳብ እውነት ቢሆን ጥላው ምን ያህል ይሰፋ ነበር የሚለውን አስልቶ ከፎቶው ጋር ማስተያየት ነው። መጀመሪያ የዚያ ንድፈ ሐሳብ ጥላ ከፎቶው ጋር ልክ ገጠመልኝ። አንስታይንን የረታሁ መስሎኝ ስፈነጥዝ ከረምኩና፣ የጥላውን ግማሽ ስፋት እንደ ሙሉ መውሰዴን ራሴው ደረስኩበት። አማካሪዬም አላዩትም ነበር፤ ዝም ልል ዳድቶኝ ነበር። አንተ ግን «አንቺ ካወቅሽው በቃ ታውቋል፤ ከሥሩ ጀምሪው» አልከኝ። ጀመርኩት።

ትናንት አባባ በርበሬያቸውን ትተው ከመስቃን በማለዳ ዩኒቨርሲቲው ድረስ መጡና አዳራሹ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ገና ስጀምር መብራት ጠፋ። ስላይዱን ትቼ ሁሉንም በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሠራሁት። ስጨርስ አባባ እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ፈቀዱላቸው።

«የጥላው ስፋት በክብደቱ ልክ ነው ካልሽ፣ ክብደቱን ማን መዘነው?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ ግን አልሳቁም፤ «እኔም ልጠይቅ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር» አሉ።

በዙሪያው የሚዞሩት ከዋክብት ፍጥነት ክብደቱን እንደሚናገር፣ ይህም ፎቶው ሳይነሳ በፊት እንደታወቀ አስረዳሁ። በዚያ ክብደት ሲሰላ የአንስታይን ጥላ ከፎቶው ጋር ተቀራርቦ ገጠመ፤ የሌላው ግን እጥፍ ሆኖ ወደቀ። አባባ «አሁን ገባኝ» ብለው ተቀመጡ። ፈታኞቹ ተማክረው ሲመለሱ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት ሰጡኝ።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ አባባ ሚኒባሱ ውስጥ ላገኙት ሁሉ ስለ ከዋክብቱ ሲያስረዱ መጡ። አንዲትም ነገር አልተሳሳቱም።

እማማ ሳሌሃ ዱዓዋ አይለይህም፤ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች። መሕቡባን ሰላም በልልኝ፣ ራምዚን ጉንጩን ሳምልኝ።

እህትህ ናጃህ
ቡታጅራ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.