ጋኑ አኩርፏል

ውድ እትዬ አቤኬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ምራትዎ ቢሲ እንደሆነች አውቃለሁ። ቢሲ እህቴ፣ አደራሽን አንድም ቃል ሳትዘዪ አንብቢ፤ ስለ አንቺ የጻፍኩትንም ቢሆን። (ስለ አንቺ የጻፍኩት የለም። እንዳትዘዪ ብዬ ነው።)

ከተማችን አቤኦኩታ ደህና ናት፤ ከሥሩ የሰፈርንበት ዓለትም ከቦታው አልተነሣም። በባላችን መቃብር አጠገብ ያለው ሎሚ አፍርቷል። ሲቆጥብ የኖረ ሰው አሁን ለሰፈሩ ሁሉ ሎሚ ያድላል።

የቀለም ጋኑ ግን አኩርፏል። እርስዎ ወደ ኢባዳን ከሄዱ ወዲህ ነክሬ የማወጣው የአዲሬ ጨርቅ ሁሉ ድሮ ሳስተምር የተማሪዎቼን የደንብ ልብስ ይመስላል፤ ሰማያዊ ነበር ይባላል እንጂ ያየው የለም። ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠንን የኤሉ ቅጠል እንዳሳዩኝ ወቅጫለሁ፣ የካካዎ ልጣጭ አቃጥዬ አመዱን አጥልያለሁ። ችግሩ የአመዱ ውኃ ነው። እርስዎ በጣትዎ ጠቅ ያደርጉና ምላስዎ ላይ ጣል አድርገው፣ «ገና ነው፤ መናከስ አልጀመረም» ይሉ ነበር። እኔ ስቀምሰው ዛሬም ሳሙና ነው፣ ነገም ሳሙና ነው።

የሄዱበት ምክንያት ከፊቴ አይጠፋም። የዚያችን ሙሽራ ጨርቅ ከጋን አውጥተን አድርቀነዋል፤ እርስዎ ቀለም እንዳይገባበት የሰፋንበትን የዘንባባ ክር በምላጭ እየፈቱ ነው። ምላጩ ክሩን ስቶ ጨርቁን መሐል ለመሐል ሰነጠቀው።

«የተቆረጠው ክር ነው» አልኩ።

«ሞጂሶላ፣ አታባብዪኝ። ክርና ጨርቅ መለየት ያቃታት ሰፊ ምን ትሠራለች? ዶሮ ትጠብቅ?»

«ዶሮ የለንም» አልኩ። አልሳቁም። በማግስቱ ልጅዎ መኪናውን ይዞ መጣ።

የሪሲ እናት ያን ዕለት በአጥር ብቅ ብላ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ! ጣውንትሽ ሄደች፣ ቤቱ ሰፋልሽ» አለችኝ። እውነት ነው፣ ቤቱ ሰፋ። የምጣላው ሰው ግን አጣሁ።

ለሙሽራዋ ሌላ ጨርቅ ሰጠኋትና የተቀደደውን ለራሴ አስቀረሁት። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ በወፍራም ነጭ ክር ስጠግነው መብራት ሄደ። መርፌው የት እንደደረሰ በጣቴ ስዳብስ ስፌቱ እንደ ጠባሳ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ ዳበስኩ። በጣቴ አየሁት፣ እትዬ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አላርፍ አለ። ክራችን ይዞት ቀለም ያልገባበትን፣ ነጭ ሆኖ የቀረውን መስመር ሁሉ እየተከተልኩ ጠለፍኩበት፤ ጨረቃዋን በሰንሰለት ጥልፍ፣ ከዋክብቱን በቋጠሮ። የሪሲ እናት አይታ እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

«አዲሬ ላይ ጥልፍ? ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዶሮን ባርኔጣ ማልበስ ነው! አያቶቻችን ክሩን ነቅለው ያወጣሉ እንጂ መልሰው ያስገባሉ እንዴ?»

«አያቶቻችን እኔን አላማከሩም።»

«ስላላማከሩሽማ ተርፈዋል» አለች።

እርስዎም ብዙ ጊዜ ብለውኛል፤ አዲሬ ላይ ክር ማስቀረት ነውር ነው፣ የሰነፍ ሥራ ነው። እንግዲህ ነውሩ ከነክሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ቢሲ፣ ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርጊላቸውና ከዚያ ማንበብሽን ቀጥዪ።

እትዬ፣ ከጥጉ ይጀምሩ። ጨረቃዋን አገኟት? ከእሷ ወደ ቀኝ ከዋክብቱ ናቸው። አንዱ ጠማማ ነው፤ የሚሰድቡት ነገር እንዲያገኙ ብዬ ነው። መሐል ላይ አንድ ረጅም ቅጠል አለ። ጣትዎን እዚያ አይሰብስቡ። ምላጩ ያለፈበት ነው። አልደበቅሁትም፤ ጠርዝ ጠርዙን ጠልፌ ቅጠል አደረግሁት። ከጨርቁ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። እንዳይኮሩ እንጂ።

የዓይን ሥራ ለእኔ ይሁን። ምላጩንም እኔ እይዛለሁ። የሚቀምስ ምላስ ግን ከየት አመጣለሁ? ዓይንዎ ቢደክም ምላስዎ እንዳልደከመ እንኳን እኔ ሰፈሩም ያውቃል።

ሰኞ አዲስ ጋን እጠነስሳለሁ። አልቀምሰውም። የሪሲ እናት እንዳትቀምሰውም ክዳኑ ላይ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ሲመጡ ድንጋዩን የማነሣው እኔ ነኝ፤ «ገና ነው» የሚሉት እርስዎ ነዎት።

ቢሲ፣ ሻንጣቸውን አሰናጂ። እምቢ ካሉሽ ምንም አትከራከሪያቸው፤ ጨርቁን ብቻ ከጭናቸው ላይ አታንሺ።

ከመጡ በኋላም የምትጣላዎት
ታናሽዎ ሞጂሶላ