ከሰባት ቤት የተሰበሰበችው ፒክአፕ

ሰኞ

ከካርቡራተሩ በስተቀር ሁሉም ተገኝቷል። ጎማዎቹ ከጭድ ክምር፣ ባትሪው ከማሽላ ጎተራ ወጡ። መሪው ላይ ዶሮ ታቅፋበት አገኘን፤ እሷን ለማስነሳት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ክረምት ላይ ታጣቂዎች ወደ ከተማችን ወደ መርሳ ሲቃረቡ፣ የጎረቤቴን የጋሽ እንድሪስን ፒክአፕ እንዳይወስዱባቸው ፈታትቶ ሰባት ቤት መበተን የእኔ ሐሳብ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የመኪና አሠራር አስተምሬያለሁ፤ በግድግዳ ሥዕል። በሕይወቴ በእጄ የፈታሁት የእናቴን ሬዲዮ ብቻ ነው። እሱንም አልገጠምኩትም። ይህን ለጋሽ እንድሪስ አልነገርኳቸውም።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል፣ ስልክ ግን የለም። እናቴ ወልድያ ናት፤ በሕይወት መኖሯን እንኳ አላውቅም። የሚያልፉት መኪኖች ሰው አይጭኑም፣ ጉልበቴም ከክረምቱ ሽሽት ወዲህ አያስኬደኝም። ጋሽ እንድሪስ "ከተነሳች የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እናትህ ነው" ብለውኛል።

ማክሰኞ

ካርቡራተሩ እትዬ ዘሃራ ጋ ነው፤ በእጄ ነው የሰጠኋቸው።

"ምን ካርቡራተር? እኔ መኪና የሚባል አላውቅም" አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሁሉም አንድ አንድ የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን፣ ዕቃ ስም የሚስጥር ቃል አድርጌ ሰጥቼ ነበር፤ ለሰርግና ለለቅሶ ዕቃ የምንዋዋስ እንዲመስል። ሌሎቹ ፊቴን አይተው መለሱልኝ። እትዬ ዘሃራ ግን ያለ ቃሉ ላለመስጠት ወላሂ ብለው ምለዋል።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"አንተው አይደለህ እንዴ 'እኔ ራሴ ብመጣ እንኳ ያለ ቃሉ አይስጡኝ፤ አስገድደውኝ ይሆናል' ያልከኝ?"

ብያለሁ። ቃሉን የጻፍኩበትን ገጽ ደግሞ ፍተሻ የመጣ ቀን ከዚሁ ደብተር ቀድጄ አቃጥዬዋለሁ።

ረቡዕ

ድስት። ሰፌድ። ወንፊት። "የለም።" ጭልፋ ስል ገብተው ጭልፋ አመጡልኝ። እውነተኛ ጭልፋ! ይዤው መጣሁ፤ ምን ልበል?

ጋሽ እንድሪስ አገላብጠው አዩትና "መምህር፣ በዚህ ነው የምንሄደው?" አሉ። አልሳቅኩም። እናቴን እያሰብኩ ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

ጠመኔ አንስቼ በጋሽ እንድሪስ በር ላይ ትምህርቱን ከሀ ጀመርኩ። ያኔ ስሙን ያወጣሁት በየዕቃው ሥራ ነበርና። ራዲያተር፦ ሞተር የሚያቀዘቅዝ ውኃ ይይዛል፤ እንስራ ብዬዋለሁ። ባትሪ፦ እሳቱን ይሰጣል፤ ምድጃ። ካርቡራተር፦ አየርና ቤንዚን ለክቶ ይቀላቅላል። ይቀላቅላል!

ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ። "እትዬ፣ ማማሰያ!"

"አልሐምዱሊላህ! ትናንት ከአፌ ሊያመልጠኝ ነበር" ብለው ከበርበሬ ማሰሮ አወጡት።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ገጥመን ጨረስን። ስድስት ብሎን ተረፈ። ጋሽ እንድሪስ "የት የነበሩ ናቸው?" ሲሉኝ "መጠባበቂያ ናቸው" አልኩና ኪሴ ከተትኳቸው። ቀብረውት የነበረውን ቤንዚን ቀዳን፣ ሠፈሩ ገፋልን። ካርቡራተሩን በደንብ አላጠብኩትም መሰለኝ፣ መጀመሪያ የወጣው የበርበሬ ጭስ ነው። ሁሉም አስነጠሰ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ! ጋሽ እንድሪስ አለቀሱ፤ በርበሬው ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ወልድያ

መንገድ ላይ፣ ሲሪንቃ ስንደርስ፣ የሞተሩን ጩኸት የሚያፍነው ማርሚታ ወደቀ። ከኋላ ጭነነው፣ አገር እያናወጥን ገባን።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከስታለች። ግን አለች። አለች! አንገቷ ሥር ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ይችን መኪና ማን ገጠማት?" አለች።

"እኔ።"

ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረች። "አንቱ፣ አላህ ነው ያተረፈዎ።"

ከዚያ ከአልጋዋ ሥር ካርቶን ጎተተች። ሬዲዮዋ! እያንዳንዱ ዕቃ በጨርቅ ተቋጥሯል። ቤቷ ሁለት ጊዜ ተበርብሯል፤ ይህን ግን ማንም አልፈለገውም። "በል፣ መኪና ከገጠምክ ከእንግዲህ ሰበብ የለህም" አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። አንድ ብሎን ይጎድላል። ኪሴ ውስጥ ስድስት አሉ፤ አንዱም አይገባም። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትጠብቃለች።