የኤቢሳ ችካል

አሰላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአምስት ወር

ይድረስ አርባ ምንጭ ላለኸው ልጄ ለኤቢሳ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ከሄድክ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ስልኬን እንደማታነሣ ስለማውቅ፣ አድራሻህን ለእናትህ ከላክኸው ፖስታ ላይ ገልብጬ በለመድኩት ብዕር መጣሁ።

እናትህ ተስፋነሽ በየቅዳሜው «ዴራ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ» እያለች ትወጣለች። የዴራ መሬት አቧራ ነው፤ የእናትህ ጫማ ግን ጥቁር ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። ነጠላዋ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ዘንቢሏ ውስጥም አዲስ የናይለን ገመድ አየሁ። አርባ ዓመት የተማሪ ፊት ሳነብ የኖርኩ መምህር ነኝና ጠረጠርኩ፦ አንተ ተመልሰህ ዓሣ ታጠምድበት በነበረው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተደብቀሃል፤ እርስዋም ከእኔ ሰውራ ታገኝሃለች።

ባለፈው ቅዳሜ እስከ ሐይቁ ተከተልኳት።

በእኛ በኩል ያለው የጀልባ ማቆሚያ ለአሥራ ሁለት ጀልባ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ ስድሳ ተደራርበውበታል። ቀድሞ የገባ መውጫ፣ ዘግይቶ የመጣ መግቢያ የለውም፤ ዓሣው ጭቃ ላይ ይራገፋል። በዚያ ግፊያ መካከል አንዲት ባዶ ቦታ አየሁ፤ የአንተ ቦታ። እናትህ ጎንበስ ብላ ከችካልህ ላይ ያረጀውን ገመድ ፈታች፤ አዲሱን አሰረችና ሄደች። ዙሪያውን ባይ፣ ባይ፣ አንተ የለህም።

ቱሳ የሚባል አጥማጅ ከጀልባው ላይ ጮኸ። «ያ ሁሴኖ! ዓሣዬ ፀሐይ ላይ እየነፈረ ነው! የኤቢሳ ገመድ ዓሣ ያጠምዳል እንዴ?»

ተራ አስከባሪው ሁሴኖ ሳቀ። «ደንቡን ታውቃለህ። ገመዱ ካልበሰበሰ ቦታው የባለቤቱ ነው።»

«እንግዲያው አሮጊቷ እስክትበሰብስ ልጠብቅ?» ብሎ ወርዶ እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ።

ከተደበቅሁበት ከአንድ ዓሣ ጫኝ መኪና ጀርባ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከዘራዬን በችካሉ ላይ አጋደምኩ።

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«የኤቢሳ አባት» አልኩ።

በደጃፋችን ላይ «ዓሣ አጥማጅ ልጅ የለኝም» ያለህ አንደበት ነው ይህን ያለው።

«ታዲያ ልጅዎ የት አለ?» ሲለኝ ግን ከዘራዬን ከችካሉ ላይ አነሣሁ። ቱሳ እውነት አለው፤ የሰው እንጀራ እየተበላሸ ነው። ሁሴኖም ፈረደ፦ እስከ ገና ካልመጣህ ገመዱ ይፈታል። ጀልባህ ሳሩ ላይ እንደተገለበጠች ናት።

እናትህ ይህን ፍርድ አታውቅም፤ እኔም አልነግራትም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። «ዴራ» ስትለኝ፣ «በሽተኛዋን እግዜር ይማርሽ በይልኝ» እላታለሁ።

የአባቶችህ አምላክ በውኃም በየብስም ይጠብቅህ።

አባትህ ፈቃደ

የእኔን ስም ካየህ ሳትከፍት እንደምትቀድደው ስለጠረጠርኩ፣ በፖስታው ጀርባ «ላኪ፦ ተስፋነሽ» ብዬ ጽፌ፣ አሽጌ እልከዋለሁ።