ይድረስ ለክቡርነትዎ ቀኝ እጅ

ለተከበሩ የቀድሞ የክልላችን ምክር ቤት አባል፣
ካሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ በተለይ ስለ ቀኝ እጅዎ ደህንነት ዘወትር የምጨነቅ መሆኔን እንዲያውቁልኝ እሻለሁ። እኔን አንድም ቀን ተለይቶኝ ስለማያውቅ፣ ለባለቤቱ ጊዜ ይተርፈው እንደሆነ እንጃ።

በመጽሐፍዎ መመረቅ እንኳን ደስ ያለዎ። «ያልታጠፈ ክንድ» የተሰኘው የፖለቲካ ሕይወት ታሪክዎ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው መደብር መስኮት ተደርድሮ ስለቆመ፣ በየማለዳው ሥራ ስገባ ሃያ አራት ቀኝ እጆችዎ ይቀበሉኛል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ክንድዎን ሽቅብ፣ ዓይንዎን ቁልቁል አድርጎ ስለሚያሳይ፣ አላፊ አግዳሚው ስለ አገር ሲያሰላስሉ የተነሡት ይመስለዋል። ከጀርባዎ ደብዝዞ የሚታየው፣ ደብተር ይዞ ጣቱን የቀሰረው ከሲታ ሰው እኔ ነኝ። ድምፅ ቆጣሪ ሆኜ የተመደብሁበት የመጀመሪያ ቀኔ ነበር።

ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ክቡርነትዎ በምክር ቤት በቆዩባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት፣ ክርንዎን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተክለው፣ እስክሪብቶ በጣቶችዎ መካከል አቁመው፣ የመናገር ዕድል እንደሚጠይቅ ሰው እጅዎን እንዳነሡ የመተኛት ድንቅ ችሎታ ነበረዎ። ሊቀመንበሩ ይህን ስለሚያውቁ ዕድል አይሰጡዎትም፤ ነባሩ ቆጣሪም ስለሚያውቅ እጅዎን ዘልሎ «ድምፀ ተአቅቦ» ብሎ ይመዘግብልዎ ነበር። ስብሰባው ለምሳ ይበተን በተባለ ጊዜ ብቻ ነቅተው በሁለት እጅ እንደሚደግፉ ሰምቻለሁ። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀውን ይህን አሠራር ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

2ኛ/ በዚያ ቀን የቀረበው ሐሳብ፣ የወንዙ ድልድይ ክረምት ሳይገባ መሠራቱ ቀርቶ ለሌላ ዓመት ይተላለፍ የሚል ነበር። የሚደግፉ ሲባል ቆጠርሁ፤ ሠላሳ፣ ከእርስዎ ጋር ሠላሳ አንድ። የሚቃወሙ ሲባል የሊቀመንበሩ መዶሻ አባነነዎና እጅዎን አውርደው ዓይንዎን አሹበት፤ ተቃዋሚ ሠላሳ። እጅዎን ዘልዬው ቢሆን ኖሮ ድምፁ እኩል ይሆን፣ በደንባችንም መሠረት ሐሳቡ ይወድቅ፣ ድልድዩም ከክረምቱ በፊት ይሠራ ነበር። ነባሩ ቆጣሪ በማግሥቱ ከሕመም ፈቃዱ ተመልሶ መዝገቡን ሲያይ፣ «አንተ ጉደኛ፣ ያ እጅ እኮ አይቆጠርም! ስንት ዓመት ዘልለነው የኖርነውን!» አለኝ። እናስተካክለው ብዬ ብጠይቀው፣ «ምን ብለህ? ክቡርነታቸው ተኝተው ነበር ብለህ? ሥራህን ጠልተኸዋል እንዴ?» አለኝ፤ መዝገቡን እንዳለ ዘጋነው።

እንግዲህ በአሥራ ሁለት ዓመት የሕግ አውጪነት ዘመንዎ፣ ምሳን ሳይጨምር፣ የሰጡት ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሰጠሁልዎ እኔ ነኝ። በመጽሐፍዎ መቅድም ከተመሰገኑት ሰዎች መካከል ስሜን ብፈልግ ማጣቴ ቅር አሰኝቶኛል።

3ኛ/ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። በዚያው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በተጋደመው ግንድ ላይ ስትሻገር ወንዙ ወሰዳት። ከታች ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች እስከ ዛሬ ዓይኔን ማየት አይሆንላቸውም፤ «እጇን አንሥታ ነበር፤ ሰላም ያለችን መስሎን እኛም አነሣንላት» ብለውኛል። እርስዎም ለቅሶ መጥተው፣ በዚያው እጅዎ እጄን ጨብጠው፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ለዚያ ድልድይ እጄን አንሥቻለሁ» አሉኝ። እጅዎ ይሞቅ ነበር። የእኔ አልሞቀም።

ከዚያ ወዲህ ስቆጥር ሠላሳ ላይ ስደርስ አንደበቴ እየተያዘ ስላስቸገረ፣ አለቆቼ አዝነው ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። ታክሲ የሚያስቆም ሰው ሳይ ነቅቶ መሆኑን ቀረብ ብዬ አጣራለሁ። በልጄ ትምህርት ቤት በወላጆች ቀን ሕፃናቱ ሁሉ እኔ፣ እኔ እያሉ እጃቸውን ሲያነሡ ከክፍሉ ሮጬ ወጥቻለሁ፤ ልጄ እስከ ዛሬ ያፍርብኛል።

4ኛ/ በመጽሐፍዎ ገጽ 112 «ለድልድዩ እጄን ከፍ አድርጌ ታግያለሁ» ያሉትን መነሻ አድርጎ፣ የስያሜ ኮሚቴው ከሦስት ዓመት በኋላ የተሠራውን ድልድይ የፊታችን ሐሙስ በስምዎ ሊሰይመው መሆኑን ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ ለአንድ ጊዜ ነቅተው «ይህ ስም ለእኔ አይገባም» የሚል አጭር ደብዳቤ ቢጽፉ ውለታዎን አልረሳም። ካልጻፉ ግን የዚያን ቀን መዝገብ ይዤ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። በገጹ ግርጌ ያለው ፊርማ የእኔ ስለሆነ ከሥራዬ እንደምባረር ነባሩ ቆጣሪ ነግሮኛል፤ ደግሞም አይሳሳትም።

ረጅም ዕድሜና ሰላማዊ እንቅልፍ እየተመኘሁልዎ፣ የሁለታችንንም እጅ በአንድ መዝገብ ያሠረው ጥፋት እስኪገለጥ ድረስ ታዛዥዎ ሆኜ እቆያለሁ፤

ብቸኛ ድምፅዎን የሰጠሁልዎ፣
የቀድሞው ድምፅ ቆጣሪ

ያልጨረስሁት ነገር፦ ምናልባት ኮሚቴው እኔን ሳይሰማ ቢቀርና ለምረቃው ድልድዩ መሐል ቢቆሙ፣ ከታች ከውኃው እጇን ያነሣች ሴት ካዩ፣ አደራዎን፣ ሰላምታ እንዳይመስልዎ።